በእርሳስ የተጻፈባት መጽሐፍ

ዛሬ ጅማ ላይ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ልጅ አገኘሁ። ስለ ከተማዋ ታሪክ ምን እንዳለው ጠየቅኩት። «አንዷ ብቻ ቀርታለች ጋሼ። ግን ተጽፎባታል፣ እቀንስልዎታለሁ» አለኝ።

ገለጥኳት። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው፣ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው... የምናውቀው ነው። የሂርማታ ገበያ ጋ ስደርስ ግን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አያቴ እዚህ አሞሌ ጨው ትሸጥ ነበር።» ስሟ የለም። ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ለዚህችማ ዋጋ ቢጨምርብኝም አልከራከርም ነበር!

የከተማ ታሪክ ስንጽፍ ንጉሡንና አዲስ አበባ ሄዶ ስም ያወጣውን «የጅማ ልጅ» አንረሳም። ቡናና ከጥርኝ የሚገኘውን ሽቶ፣ ዝባድን፣ የጫኑትን በቅሎዎች የነዱትን፣ ለነጋዴው ማደሪያ የሰጡትንስ ማን ይጻፍልን? ልጆቻቸው እኮ እዚሁ አሉ።