ቤንዚን የሚያመርተው ሞተር

እዚህ አሜሪካ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ አውሮፕላን ከሚጠግኑ ጡረተኞች ጋር እውላለሁ። ክፍያ የለውም። ቡና አለ፤ ቡና ከተባለ።

ባለፈው ለ ሮን 9ሲ የሚባለውን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተር ልንለካ ተነሳን። ፈረንሳይ ሠራሽ ነው፤ ጉልበቱ 80 ፈረስ። የዚህ ሞተር ጉድ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ዋናው ዘንጉ፣ ተቸንክሮ ይቆምና 9ኙ ሲሊንደሮች ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው መዞራቸው ነው። ጠላ ለበዛበት ሰው ቤቱ እንደሚዞርበት በሉት።

ጉልበቱን ለመለካት ሞተሩን የያዘው ማቀፊያ 1 ሜትር ክንድ አለው፤ ሞተሩ ሲሠራ ማቀፊያውን ሊጠመዝዘው ስለሚታገል ክንዱ ሚዛን ይጫናል። ኪሎውና የዙሩ ብዛት ከታወቀ ሌላው ሒሳብ ነው። ፍጆታውን ለማወቅ ደግሞ የቤንዚኑን ጀሪካን ሚዛን ላይ አስቀምጦ 5 ደቂቃ መጠበቅ።

«ነዳጁን ለእኔ ተዉት!» አልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

ቤንዚኑ በራሱ ቁልቁል እንዲወርድ ሚዛኑ ከፍ ያለ ማማ ላይ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ መሰላል ላይ። ቱቦው አጭር ስለነበር ማማው ከሞተሩ ኋላ ሳይሆን ጎኑ ላይ ቆመ። ጎኑ ላይ አይቆምም ያለኝ የለም።

ሞተሩ ተነሳ። መሰላሉ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም አብሬው። ወዲያው ፊቴ ላይ ዝናብ ወረደ። ጉሎ! አዎ፣ የእኛው ጉሎ። ቤንዚን ቶሎ ስለማያሟሟው ይህ ሞተር የሚጠጣው የጉሎ ዘይት ነው፤ አንዴ ከገባ አይመለስም፣ ከጭሱ ጋር ዙሪያውን ይረጫል። መነጽሬ ተሸፈነ። በአንድ እጄ እየጠረግሁ በሌላው ያገኘሁትን ነገር ጨበጥኩ። አፌንም መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም።

ሞተሩ ሲጠፋ ውጤት አነበብን። የክንዱ ሚዛን 44 ኪሎ፣ በደቂቃ 1150 ዙር። ወደ 70 ፈረስ ማለት ነው። እሱም ሁሉ ፕሮፔለሩ ጋ አይደርስም፤ ሲሊንደሮቹ አየር ሲያማስሉ የሚበሉት አለ።

«ነዳጁስ?» አሉ ከጡረተኞቹ አንዱ ሽማግሌ።

«ሲጀምር 20 ኪሎ ከ400። ሲጨርስ... 23 ኪሎ።»

ዝም ተባለ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። እኔም እጄን አየሁት። አሁንም የሚዛኑን ጠርዝ ጭምድድ አድርጎ ይዟል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ፣ «ቤንዚን የሚያመርት ሞተር አግኝተናል። ነዳጅ ማደያ እንክፈት።»

ድጋሚ ለካን። በዚህኛው ዙር እኔ ብዕር ብቻ ነው የያዝኩት፣ ያውም ከሩቅ። በነገራችን ላይ የዚያ ዘመን አብራሪዎች ይህንን ዘይት እየተነፈሱ ሆዳቸው ይላወስ ነበር ሲባል የወሬ ማጣፈጫ ይመስለኝ ነበር። ማታውን መጸዳጃ ቤት ተቀምጬ አመንኩ።

ባለቤቴ በሩን አንኳኳች። ከልብስ ማጠቢያው ሸሚዜን አውጥታ አሽትታዋለች።

«አንተ፣ ምጣድ ስታሟሽ ነው እንዴ የዋልከው?»