ሥሩን ሳታዩ መድኃኒት አትግዙ

መቂ አካባቢ መሬት ተከራይቼ በመስኖ ቲማቲም አመርታለሁ። ማሳ ማለስለስ፣ ቦይ ማውጣት፣ ችግኝ ማዛወር ማንም የሚያውቀው ስለሆነ አልፈዋለሁ። ያንገበገበኝ ከአበባ በኋላ የመጣው ጣጣ ነው።

ማሳው መሀል እዚህም እዚያም ያሉ ተክሎች ቀትር ላይ ጠውልገው ማታ ቀና ይሉ ጀመር። ውኃ ብጨምርም ለውጥ የለም። የግብርና ባለሙያው መጣና ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ «ፈንገስ ነው» ብሎ ማንኮዜብ የሚባል የፈንገስ መድኃኒት አዘዘ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ደግሞ «ዩሪያ አንሶታል» አለ። መድኃኒት ሻጩ ምክሩን ሁሉ በደስታ ያጸድቅ ነበር፤ ለምን አያጸድቅ! እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ያወጣሁት ገንዘብ አይደለም፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንኳ ጎንበስ ብሎ አንድ ተክል አለመንቀሉ ነው።

የነቀሉት ለአረም የቀጠርኳቸው እናት ናቸው። «ልጄ፣ ይህ እኮ ዝንጅብል ሆኗል» አሉኝ። ሥሩ ከላይ እስከ ታች አብጧል። የባቄላ ሥር ላይ ያለው ጤናማ እባጭ በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ ይህ ግን ሥሩ ራሱ ስላበጠ አይላቀቅም። ውስጡ በዓይን የማይታይ ኔማቶድ የሚባል ትል አለ። አንዷ እንስት በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ አፈሩ ሲሞቅ በወር ገደማ አዲስ ትውልድ ይደርሳል። ማንኮዜብ ለዚህ ምን ሊፈይድ?

ችግኙን ወደ ሸጠልኝ ሰው ሄጄ ከመደቡ የተረፈውን ስነቅል ያው እባጭ ነው። «አፈሩ ለም ስለሆነ ነው» አለኝ፤ ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«ሰብል አፈራርቅ» የሚለው ምክርም ምን በምን እንደሚፈራረቅ ካልተነገረ ከንቱ ነው። ካሮት ዝራ ተባልኩ፤ መንታ ሥር ያወጣ፣ ጉጥ የሞላው ካሮት አወጣሁ። በቆሎም ቢሆን ሳይታመም ትሉን ሊያራባ ይችላል።

አሁን ችግኝ የማፈላው ራሴ ነኝ። መደቡን አርሼ፣ አጠጥቼ፣ በበጋው ሐሩር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብርሃን በሚያሳልፍ ጥርት ባለ ላስቲክ እሸፍነዋለሁ፤ ትሉን የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ጥቁር ላስቲክ የሚመክሯችሁን አትስሙ፤ አፈሩን የዚያን ያህል አያሞቀውም። ትሉን የሚቋቋም ዘርም አለ፤ ነገር ግን አፈሩ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ መቋቋሙ ይዳከማል። ለቀማ እንዳለቀ ሥሩን ነቅዬ አቃጥላለሁ። የኪራይ ትራክተርም ጎማውንና ማረሻውን ሳያጥብ አይገባም፤ ሾፌሩ ይነጫነጫል፣ የማጠቢያውን ግን የምከፍለው እኔ ነኝ።