ቀጭኑ ድምፅ

ዛሬ የማለዳ ሺፍት ስለነበርኩ በጊዜ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ሰማዩ ግን ከወዲሁ ጠቁሯል። የለንደን ታኅሣሥ እንዲህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎታል። ምን ሆንሽ ብትሉኝ ይሄ ነው የምለው የለኝም።

ኮቴን ሳላወልቅ ድስት ጣድኩ። እኛ ጾም ላይ ነን። የነቢያት ጾም ከገባ ዛሬ ድፍን አንድ ወሩ። ውጭው ደግሞ የፈረንጅ ገና ዋዜማ ነው፣ ሰፈራችን ጭር ብሏል። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ መስኮቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ሬዲዮ ከፈትኩ። አንቴናዋ ከተሰበረ ቆይቷል። በፕላስተር አስሬዋለሁ፤ ወደ መስታወቱ ካላስጠጋኋት ትንጫጫለች።

የቸኮልኩት ለዚህች ሰዓት ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚህ ሦስት ሰዓት የሚሉት፣ ከካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ቤተ ጸሎት በቢቢሲ ሬዲዮ 4 የሚተላለፍ ጸሎት አለ። ዘጠኝ ምንባብ ይነበባል፤ በየመሀሉ መዘምራኑ ይዘምራሉ።

መጀመሪያ የሰማሁት ሰው ቤት እየዞርኩ አረጋውያን በምንከባከብበት ጊዜ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ካልሲያቸውን እያጠለቅኩላቸው ስለ መድኃኒታቸው ሳወራ፣ እጄን ያዝ አደረጉና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አኖሩ። ልጁ ሊጀምር ነው፣ አሉኝ በሹክሹክታ። አንድ እግራቸው ካልሲ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። እንደዚያው ሆነን ሰማን። አሁን በሕይወት የሉም። ሬዲዮዋም የእሳቸው ነበረች፤ ልጃቸው ናት የሰጠችኝ።

እኔ በከበሮና በጽናጽል፣ በእልልታ ያደግኩ ሰው ነኝ። መዝሙር ሲባል እግሬ አብሮ ነው የሚነሳው። ይሄኛው ግን የሚጀምረው በዝምታ ነው። ሬዲዮው የጠፋ ይመስልሃል። ሩቅ አንድ ሰው ሲያስል ትሰማለህ። ከዚያ የአንድ ልጅ ድምፅ ብቻውን ይወጣል፤ ኦርጋን የለ፣ አጃቢ የለ። ቀጭን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ትንሽ ደግሞ የሚፈራ ይመስላል። የመጀመሪያውን አንቀጽ እሱ ብቻ ይዘምራል። ሌሎቹ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ጸሎት በኪንግስ ኮሌጅ የተጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1918 የገና ዋዜማ ነው። የቤተ ጸሎቱ አለቃ ኤሪክ ሚልነር ዋይት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ የጦር ሠራዊት ቄስ ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ያን ያህል ወጣት ባለቀበት አገር ውስጥ ጸሎቱን በአንድ ልጅ ድምፅ ማስጀመር ምን ማለት እንደነበር አስቡት። የልጁ መዝሙር መክፈቻ የሆነው በማግስቱ ዓመት፣ በ1919 ነው። ሬዲዮ ላይ የወጣው በ1928 ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተቋረጠው አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ 1930። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ አልቀረም። ጥንታዊዎቹ ባለቀለም መስታወቶች ቦምብ እንዳያገኛቸው ተነቅለው ነበር። የቦታው ስምም ለደኅንነት ሲባል በሬዲዮ አይጠራም ነበር። ቢሆንም ልጆቹ በዚያ ብርድ ዘመሩ።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማን እንደሚጀምር ልጆቹ አስቀድመው አያውቁም። የሚዘጋጁት ከአንድ በላይ ናቸው። ስርጭቱ ሊጀምር ሲል መሪው አንዱን ያመለክተዋል፤ በቃ፣ እሱ ነው። ለመፍራት ጊዜ እንዳይኖረው ይመስለኛል። ዛሬ የልጁ እናት ትዝ አለችኝ። የት ነው የተቀመጠችው? እዚያው ውስጥ ናት ወይስ ቤቷ እንደ እኔ ድስት እያማሰለች? ድምፁ ሲወጣ በስንተኛው ቃል ላይ ነው የእኔ ልጅ ነው ያለችው?

በመጀመሪያው ትንፋሽ ይመስለኛል። እናት ትንፋሹን ነው የምታውቀው።

እነዚህ ትንንሾቹ 16 ናቸው። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 13 ነው። ድምፃቸው ሲጎረንን ይሄዳሉ፣ በቦታቸው ሌሎች ይተካሉ። ያ ዛሬ የሰማሁት ልጅ የከርሞ ሰው ይበለውና የዛሬ ዓመት እዚያ ላይኖር ይችላል። ድምፁማ ጨርሶ አይኖርም። ሰውየው ይኖራል፣ ያ ድምፅ ግን የለም። ማንም አልሞተ፣ ማንም አልታመመ፣ ግን አንድ ነገር አልፎ ሄዷል።

የእኔም ልጅ እንደዚያ ነው የሆነው።

ታውቁታላችሁ፣ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምር ነበር። ነጭ ለብሶ፣ ነጠላውን መስቀልያ አጣፍቶ። ገና ሲደርስ ቤቱን ሁሉ "ቤዛ ኩሉ" በ"ቤዛ ኩሉ" ያደርገው ነበር። ገላውን ሲታጠብ እንኳ ውኃው ድምፁን አይሸፍነውም። አማርኛው ኮልታፋ ነው፤ ሲዘምር ግን ግዕዙን አንድ ፊደል አይስትም ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል መጀመሪያ እሱን አገናኙኝ ነበር የምትለው። "የኔ ጌታ፣ እስቲ አንዷን በልልኝ" ትለዋለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች።

ከመስቀል ወዲህ አቆመ። እሱ አልነገረኝም። አብራው የምትዘምር የጓደኛዬ ልጅ ናት ለእናቷ የነገረቻት። ልምምድ ላይ ከፍ ብሎ ሊይዝ ሲል ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ልጆቹ ሳቁ። በክፋት አይደለም፣ ልጆች ናቸው። ቤት ሲመጣ፣ ግድየለም፣ ያልፋል አልኩት። ምን ለማለት ፈልጌ እንደነበር እንጃ። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ያ በር እስካሁን እንደተዘጋ ነው ማለት ይቻላል።

የመጨረሻ የዘመረበትን ቀን አላስታውስም። ይሄ ነው የሚቆጨኝ። አንድ ቀን፣ እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ይሆናል፣ በዚያ በቀጭኑ ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ ዘምሯል። እኔ ምናልባት ቀስ በል፣ ጎረቤት አለ ብዬው ይሆናል። በስልኬ የቀረጽኩት አንድ ብቻ አለኝ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ የተቀረጸ። ዛሬ ከፈትኩት። ስልኩን አፌ አጠገብ ይዤ አብሬ እየዘመርኩ ስለነበር የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው። እሱ ከኋላ፣ ከከበሮው ሥር፣ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ሦስተኛውን ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ፣ እንደ እናቴ።

ሬዲዮው ላይ በዚህ መሀል ምንባቡ ተጀምሮ ነበር። የመጀመሪያውን የሚያነበው ከመዘምራኑ አንዱ ልጅ ነው። ከኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ አዳም በዛፎቹ መሀል ተደብቆ እግዚአብሔር "ወዴት ነህ?" ብሎ የሚጠራበት። ዓይኔ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የተዘጋ በር ሄደ። ከዚያ በኋላ የተዘመረውን አልሰማሁትም።

ያሰብኩት ይሄን ነው። በዚያ ቤተ ጸሎት ልጁ ድምፁ ሲጎረንን ይሰናበታል። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት ከኋላ የቆሙት የዩኒቨርሲቲው ወጣቶች ናቸው፤ ልጁ እዚያ ለመድረስ ዓመታት መጠበቅ አለበት። እኛ ዘንድ ግን ድምፅ አይሰናበትም። አባቴ ማኅሌት ሲቆም ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ከመሬት የሚወጣ ይመስል ነበር። መቋሚያውን ተደግፎ፣ ጽናጽሉን ዝቅ ከፍ እያደረገ ሲዘልቅ፣ እኛ ልጆቹ ከሴቶቹ በኩል ሆነን የአባባ ድምፅ የትኛው እንደሆነ እንለይ ነበር። ስልሳ ካለፈ በኋላ ነው ያማረበት። ይሄን ልጄ አያውቅም፤ አያቱን አልደረሰበትም። የያሬድ ዜማ ለቀጭን ብቻ እንዳልተሠራ፣ የሚጎረንነው ድምፁ ወደ አያቱ ድምፅ እየሄደ ሊሆን እንደሚችል ማን ይንገረው? እኔ ነኝ የምነግረው። ግን እንዴት ብዬ?

ቆይቶ በሩን ከፍቶ መጣ። ፍሪጁን ከፈተ፣ ዘጋ። "ማሚ፣ ምንድነው የሚሸተው?" አለ። አዲሱ ድምፁ ነው፤ ግማሹ የአባቱ፣ ግማሹ ገና የማንም ያልሆነ። ሽሮ ነው አልኩት። ሬዲዮዋን አየት አደረጋት። ልዝጋው ወይ አላለም። ድስቱ አጠገብ ቆሞ ትንሽ ሰማ፤ መዘምራኑ ሁሉም በአንድ ላይ ነበሩ፣ ኦርጋኑም ገብቶ። ከዚያ ሳህኑን ይዞ ተመልሶ ገባ። በሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ እጁ ሙሉ ስለነበረ ይሆናል።

ከነገ ወዲያ ሬዲዮው ይህን ሁሉ መዝሙር ቀስ በቀስ ይሰበስበዋል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ በ1734 ገና በላይፕዚግ ከተማ ማሰማት የጀመረው የገና ኦራቶሪዮ፣ በመዘምራንና በሙዚቃ መሣሪያ የሚቀርበው ረጅም መንፈሳዊ ድርሰት፣ ስድስት ክፍል ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የተሠራው በእነሱ ጃንዋሪ 6 ለሚውለው በዓል ነው። ይህን ያወቅኩ ዕለት ደስ ብሎኛል፤ ያ ቀን የእኛ ገና ዋዜማ ነዋ። የእነሱ ሲያበቃ የእኛ ማኅሌት ይቆማል።

ሁለት ሳምንት አለኝ። ያን ሌሊት ከእኔ ጋር ና ልለው እፈልጋለሁ። ከመዘምራኑ ጋር አይደለም፣ ልብሱንም አይለብስም። ከወንዶቹ በኩል፣ ከአባቶቹ ኋላ፣ ዝም ብሎ ይቁምና ይስማ። ብዙ ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አሁንም ይሄን የምጽፈው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፣ በበሩ ክፍተት የሚወጣው ብርሃን እግሬ ላይ ወድቆ። እምቢ ካለኝስ? ወይም እሺ ብሎ፣ ለእኔ ሲል ብቻ እሺ ብሎ ቢሆንስ?