የድሮው ኤርፖርት ላይ ቤት ስንገዛ

ቤት ፍለጋ የጀመርነው በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ የምንኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ነበር። ስምንት ዓመት ኖረንበታል። የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ በየዓመቱ ይመጣል። በመጨረሻ ባለቤቴ ፖስታውን መክፈት ተወ። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እኔ ከሌሊት ሥራ ስመለስ እከፍተዋለሁ።

ሰፈሩ እየተቀየረ ነበር። በቅርባችን የነበረው የድሮ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ተዘግቶ ግዙፍ የሕክምና ማዕከል ሆኗል። የሕፃናት ሆስፒታሉ በ2007 መጣ። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ደግሞ በዚያው በ2018 ተከፈተ። ሥራው ለብዙዎቻችን እንጀራ ሆኗል፣ ለእኔም ጭምር። ግን ሐኪሙም ተማሪውም ቤት ይፈልጋል። ኪራዩ ሲወጣ የኛ ሰዎች አንድ በአንድ ለቀቁ። ግማሹ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ገባ፣ ግማሹ ወደ ደቡብ ኦሮራ ራቀ። ቡና የምንጠራራባቸው በሮች ሦስት ብቻ ቀሩ።

ከአፓርታማችን ወደ ምዕራብ ትንሽ ሲነዱ ዴንቨር ይጀምራል። እዚያ የድሮው የስቴፕልተን ኤርፖርት ነበር። በ1929 ተከፍቶ እስከ 1995 ሠርቷል። አዲሱ ኤርፖርት ሲከፈት ይሄኛው ተዘጋና 4,700 ኤከር መሬት ባዶውን ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ2002 ነው። መሀሉ ላይ 80 ኤከር፣ ማለትም ወደ 32 ሄክታር የሚጠጋ መናፈሻ አለ። ስሙ ሴንትራል ፓርክ ነው። ኩሬ አለው፣ ኮረብታ አለው፣ ቀና ሲሉ ተራሮቹ ይታያሉ። ልጄን በጋሪ እየገፋሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እወስዳት ነበር። እዚያ ሰፈር ቤት ይኖረኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አንድ ቀን እዚያው ቁጭ ብለን፣ የቤተ ክርስቲያናችን አባል የሆኑ አንድ ጋሼ አብረውን ነበሩ። በታክሲ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ሣሩን በእጃቸው አሳዩንና «እኔ እኮ እዚህ ታክሲ ይዤ ወረፋ እጠብቅ ነበር» አሉ። በሩቅ የሚታየውን የድሮ የመቆጣጠሪያ ማማ ጠቆሙን። «ያ ብቻ ነው የቀረው። ይሄ ሁሉ አስፋልት ነበር።» ከዚያ ዞር ብለው ቤቶቹን አዩና «ለምን እዚህ አትገዙም?» አሉን። ዋጋውን ነገርኳቸው። «ሁሉም በዚህ ዋጋ አይደለም፣ ጠይቁ እንጂ» አሉ።

ጠየቅን። ለካ ገቢያቸው መካከለኛ ለሆነ ቤተሰቦች ተብለው የተሠሩ ቤቶች አሉ። ዋጋቸው በውል የታሰረ ነው። ገዢው ገቢው ከከተማው መካከለኛ ገቢ የተወሰነ በመቶ መብለጥ የለበትም። ሲሸጥም ከተወሰነለት ዋጋ በላይ አይሸጥም። አጠገቡ ያለው ቤት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሄድ፣ እኛ ያየነው ባለ ሁለት መኝታ ተያያዥ ቤት ከዚያ ግማሽ ባልሞላ ዋጋ ነበር የቀረበው።

የመጀመሪያው ችግራችን የገዛ ገንዘባችን ሆነ።

ዳውን ፔይመንቱን፣ የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ፣ ያጠራቀምነው በእቁብ ነው። እጣው ሲደርሰን 12,000 ዶላር በጥሬው ተቀብዬ በማግስቱ ባንክ አስገባሁ። ለብድር ስናመለክት ሎን ኦፊሰሯ የባንክ ወረቀታችንን ዘረጋች። ጣቷ 12,000 የሚለው መስመር ላይ ቆመ። «ይሄ ከየት መጣ?» አለችኝ። እቁብ ነው አልኳት። እቁብ ምን እንደሆነ አስረዳኋት፤ ሃያ ሰው እንደሆንን፣ በየወሩ እንደምናዋጣ፣ ዳኛ እንዳለን። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ «የተጻፈ ነገር አለው?» አለች። የነበረን አንድ ደብተር ነው፤ እሱም በአማርኛ፣ የከፈለ ሰው ስሙ ጎን ራይት የተደረገበት። አበዳሪው አልተቀበለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አበዳሪው ብዙ ጊዜ የሚያየው ያለፉትን ሁለት ወራት የባንክ እንቅስቃሴ ነው። በእነዚያ ወራት የገባ ትልቅ ገንዘብ ምንጩ በወረቀት መታየት አለበት። ስለዚህ ስልሳ ቀን ጠበቅን። ያየነው ቤት በዚህ መሀል ሄደ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። አሁን ለማውቀው ሰው ሁሉ የምነግረው ይሄንን ነው፦ እቁብ የሚደርሳችሁ ከሆነ ቤት ከመፈለጋችሁ ብዙ ወራት በፊት ባንክ ይግባ፣ እዚያው ይቀመጥ። ክፍያውም በጥሬው ከሚሆን በባንክ ቢተላለፍ ይሻላል፣ ዱካ ይኖረዋል። አደራ፣ «ባንኩ እንዳይጠይቅ» ብላችሁ ገንዘቡን ከፋፍላችሁ አታስገቡ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ማድረጉ የተለመደ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም። ሪፖርቱን ለማምለጥ መከፋፈል ግን ራሱ ወንጀል ነው።

ሁለተኛው የባለቤቴ ገቢ ነው። ታክሲ ነው የሚነዳው። በ2017 ወደ 40,000 ማይል ነድቷል። የታክስ ሠራተኛችን ለእያንዳንዱ ማይል 53.5 ሳንቲም ቀነሰለት። 21,400 ዶላር ማለት ነው። ታክስ ስንከፍል ደስ ብሎን ነበር። ለብድር ስንሄድ ግን አበዳሪው በዋናነት የሚያየው ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ነው፣ እሱንም የሁለት ዓመት። ወረቀት ላይ ባለቤቴ ከሚደክመው ድካም ጋር የማይገናኝ ሰው ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ የከተማው ፕሮግራም ገቢያችሁ ከገደቡ አይለፍ ይላል። እኔ ኦቨርታይም ስሠራ ወደ ገደቡ እንጠጋለን። አንዱ ቢሮ አነሰ፣ ሌላው በዛ ሊለን ይችላል። ሦስት ወር ያህል፣ ኦቨርታይም ከመውሰዴ በፊት የዓመቱን ድምር በወረቀት አሰላ ነበር። ገቢያችንን አልደበቅንም። በዚያው በ2018 ዴንቨር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቤቶች ደንቡን በማያሟሉ ሰዎች እጅ መገኘታቸው ወጣ። ብዙዎቹ ገዢዎች ገደብ እንዳለው የነገረን የለም አሉ። ዜናውን ካየሁ በኋላ ውሉን ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ፣ ያልገባኝንም የሕግ ሰው አስነብቤ።

በኮሎራዶ የቤትና ፋይናንስ ባለሥልጣን በኩል ለሚበደር ሰው ግዴታ የሆነ የቤት ገዢዎች ትምህርት አለ። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ታክሱን ያስረዱኝ እዚያ ነው፣ ስለዚህ ተራ ነገር አይደለም።

ታክሱ እንዲህ ይሠራል። ኮሎራዶ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ታክስ የሚሰላው በሙሉ ዋጋው ላይ አይደለም። ያኔ 7.2 በመቶው ላይ ነበር። 300,000 ዶላር የተገመተ ቤት ቢሆን፣ 21,600 ላይ ማለት ነው። ታክሱ የሚለካው በሚል ነው፤ አንድ ሚል የሺህ አንድ ነው፤ እዚህ ቤት ላይ 21 ዶላር ከ60 ሳንቲም። አዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ ሜትሮ ዲስትሪክት የሚባል ነገር አላቸው። መንገዱን፣ ቧንቧውን፣ መናፈሻውን ለመሥራት ቦንድ ይሸጣል፣ ዕዳውን የሚከፍለው ቤቱን የገዛው ሰው ነው፣ በታክሱ ላይ ተጨምሮ። ለምሳሌ 50 ሚል ቢጨምር በዓመት 1,080 ዶላር፣ በወር 90 ዶላር ይመጣል። ከቤቶቹ ማኅበር ወርሃዊ መዋጮ ሌላ ነው ይሄ። ጓደኛዬ ሌላ ሰፈር አዲስ ቤት ገዝታ የመጀመሪያው ዓመት ታክሷ ትንሽ ነበር፤ የተገመተው ባዶ መሬቱ ስለነበር ነው። በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ሲጨመር የወር ክፍያዋ ዘለለ። ማስታወቂያው ላይ ያለው የወር ክፍያ የተሰላው በየትኛው ታክስ እንደሆነ ሳይጠይቁ መፈረም አያስፈልግም።

እኔ በዚህ ታክስ አልናደድም። መናፈሻው ከሰማይ አልወረደም። ዌስተርሊ ክሪክ የሚባለው ወንዝ ኤርፖርቱ ሳለ ከማኮብኮቢያው ሥር በቱቦ ነበር የሚሄደው። አሁን ወጥቶ በሣር መሀል ይፈሳል። በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ኮንክሪት ተፈንቅሎ ተፈጭቷል። ይሄ ሁሉ ወጪ ነው። የምናደደው ገዢው ከፊርማ በፊት ሳያውቀው ሲቀር ነው።

ሁለተኛውን ቤት በመከር ወራት አገኘን። ይሄን ግን በቀን ብቻ አይቼ አልወሰንኩም። የሌሊት ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ በዕረፍቴ ምሽት ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ቀደም ብዬ መኪናዬን ቤቱ ፊት አቁሜ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። ብርድ ነበር። ከአዲሱ ኤርፖርት ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው ባቡር ከ2016 ጀምሮ በአጠገቡ ያልፋል። የመንገድ ማቋረጫዎቹ የመዝጊያ ሰዓት ስላልተስተካከለ ያኔ ባቡሩ በየማቋረጫው ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ሰማሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ሰማሁት። ቀን ለሚተኛ ሰው ምን እንደሚመስል አሰብኩ። መኝታ ቤቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ወርጄ አየሁ፤ በሌላው በኩል ነው። ያ ባይሆን አልገዛውም ነበር። ጥሩምባው በ2019 ቆመ፣ ግን ይቆማል ብዬ አልነበረም የገዛሁት።

ሻጩ ቤቱ ደህና ነው ቢለንም የራሳችንን መርማሪ ቀጠርን። ጣሪያውም ቧንቧውም ደህና ነበር። ራዶን የሚባለው ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ግን ከገደቡ በላይ ወጣ። ገደቡ በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኩሪ (የራዶን መለኪያ) ነው፣ የእኛ ከ6 አለፈ። ኮሎራዶ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ከአፈሩ ነው የሚመጣው፣ የሳንባ ካንሰርም ያመጣል። ቱቦና ማራገቢያ ተገጠመ፣ ወጪውን ሻጩ ቻለ። መርማሪ ባንቀጥር ኖሮ ልጄ ከዚያ ምድር ቤት ሆና ስትጫወት ትስበው ነበር።

በታኅሣሥ ገባን። የሰፈሩ ስም ያኔም እንደ ኤርፖርቱ ስቴፕልተን ነበር። በስማቸው የተሰየመው ሰው የዴንቨር ከንቲባ የነበሩ ናቸው፣ ጥቁሮችን የሚጠላው የነጮች ቡድን፣ የኩ ክለክስ ክላን አባልም ነበሩ። ይሄን ያወቅኩት ከገባሁ በኋላ ነው፣ ከበደኝም። በ2019 ለቤት ባለቤቶች ድምፅ ቀርቦ ስሙ ሳይቀየር ቀረ። እኔ ይቀየር ብዬ ነበር። በ2020 የሰፈሩ ተወካዮች ወሰኑና ሴንትራል ፓርክ ተባለ። ልጄ የቤታችንን አድራሻ ስትጽፍ ያ ስም ስለሌለበት ደስ ይለኛል።

የማይመች ነገርም አለ። የጎረቤቶቻችን ቤት ዋጋ ሲወጣ የእኛ በተወሰነለት ልክ ብቻ ነው የሚጨምረው። ከዚህ ሸጠን በዚሁ ሰፈር ሌላ ቤት መግዛት አንችልም። ባለቤቴን ይሄ አንዳንዴ ይከነክነዋል። እኔ ደግሞ ኪራዩን አስታውሰዋለሁ። ኦሮራ ከቀሩት ሦስት በሮች ሁለቱ ዛሬ የሉም።

በ2019 በጋ የባለቤቴ እናት ከአዲስ አበባ መጡ። ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ኩሬውን ይዞራሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቆም ብለው «ይሄ መሬት የማን ነው?» አሉኝ።

«የሁሉም ነው እማማ።»

«ይሄን የመሰለ መሬት አላጠሩትም?»

አላጠሩትም አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው እንደገና መዞር ጀመሩ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለ። ወደ አዲሱ ኤርፖርት አቅጣጫ ከሚሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች አንዱ ውስጥ ቤት አይቷል፣ ፓርክ ይሠራበታል ተብሏል። ቅዳሜ አብረን ልናይ ተቀጣጥረናል። የታክሱን ወረቀትና የዲስትሪክቱን ስም ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት። ማታም ተመልሰን እንሄዳለን፣ መኪናውን አቁመን መስኮቱን ዝቅ አድርገን።