አዲስ ቺንጋ፣ አዲስ ጣጣ

በስደት መኪና እግር ነው። እሷ ከቆመች ሥራም ይቆማል። የመካኒክ የእጅ ዋጋ ደግሞ ከዕቃው ይበልጣል። ስለዚህ ጠዋት ሳስነሳት ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) መጮህ ሲጀምር ራሴው ልቀይረው ብዬ ተነሳሁ።

ዕቃ ልገዛ ሄጄ "ቺንጋ" ብል ማን ይስማኝ? ቺንጋ፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ)፣ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) ስንል ያደግነው ለካ ጣሊያንኛ ነው። ፎቶ አሳይቼ ተገላገልኩ።

መቀየሩ ቀላል ነበር። መወጠሪያውን በመፍቻ ገፍቼ አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ሥዕል መሠረት አዞርኩ። ጀግና ነኝ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ መኪናዋ ሥር የሳህን ያህል ፈሳሽ ተኝቷል። ምን ሰበርኩ?

መካኒክ ለሆነው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ።

"አትደንግጥ። መጀመሪያ የሚፈሰው ምን እንደሆነ እወቅ። ከሥር ካርቶን አንጥፍ። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀላ ካለ የመሪ ወይም የካምቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል። ንጹህ ውሃ ከሆነ ኤሲው ነው ያንጠባጠበው፤ ተኛ።"

ካርቶኑ ላይ ያገኘሁት አረንጓዴ ነው። በጣት ሲነኩት ያንሸራትታል፣ ሽታው ጣፈጥ ይላል። ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ! ሮዝና ቀይ ኩላንትም ስላለ ቀለሙን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። (መርዝ ስለሆነ ድመት እንዳይልሰው ቶሎ አጠብኩት።)

ከየት መጣ የሚለው ነው ያስቸገረኝ። ካርቶን የሚያሳየው ጠብታው ያረፈበትን እንጂ የተነሳበትን አይደለም። ፈሳሽ በብረት ላይ ይንሸራተታል፣ የሚሽከረከር ቺንጋ ደግሞ ይረጨዋል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ሁሉንም በጨርቅ አደረቅሁ። ከዚያ አስነስቼ፣ እጄን ከቺንጋው አርቄ፣ በባትሪ መብራት ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። የጠረጠርኩት ስሠራ በክንዴ የገፋሁትን ቱቦ ነበር። እሱ ግን ደረቅ ነው። የሚያንጠባጥበው ከውሃ ፓምፑ ሥር ያለች ትንሽ ቀዳዳ ነች። ሆን ተብላ ነው የተሠራችው፤ የውስጡ ማሸጊያ ሲያልቅ ፈሳሹ በእሷ ወጥቶ ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ።

ሞተሩን አጥፍቼ ቺንጋውን አወጣሁና የፓምፑን ፑሌጃ ወዘወዝኩት። እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል።

"ኩሽኔታው አልቋል" አለኝ ወንድሜ። "አሮጌው ቺንጋ እየተንሸራተተ አብሮት ያዘግም ነበር። አዲሱ ሲጎትተው ጉዱ ወጣ። ቺንጋው ወጥቶ ሳለ ፑሌጃዎቹን በእጅህ አላዞርክም?"

አላዞርኩም። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር።

ፓምፑን ቀየርኩ። አዲሱ ቺንጋም ኩላንት ጠጥቶ ስለነበር ሌላ ልገዛ ተመለስኩ። ሻጩ ገና ከበሩ ሲያየኝ ፈገግ ብሎ "ቺንጋ?" አለኝ።