ሕመሟ ሲቀልላት የጨመረው ቁጥር

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ክፍላችን ጠባብ ናት። ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፊውጅ፣ የደም ሕዋሳት የሚቆጥር አንድ የሲቢሲ ማሽን፣ ግድግዳው ጥግ ደግሞ የኢኤስአር ቱቦዎች የሚቆሙበት ስታንድ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የአንዲት የ11 ዓመት ልጅ ደም መጣልኝ። መጠየቂያው ወረቀት ላይ ሲቢሲ፣ ኢኤስአር እና ኤኤስኦ የሚባሉ የደም ምርመራዎች ተመልክተዋል። የሕመሙ ታሪክ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። እኔም አልጠየቅኩም።

ኢኤስአር ቀላል ምርመራ ነው። አራት እጅ ደም ከአንድ እጅ ሲትሬት ጋር ይቀላቀላል። በቀጭን ቱቦ እስከ ዜሮው መስመር ይሳባል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከ60 ደቂቃ በኋላ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይነበባል። ሰውነት ውስጥ ብግነት (መቆጣት) ካለ ቶሎ ይወርዳሉ። የልጅቷ 9 ሆነ። ለልጅ ደህና ቁጥር ነው። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ላክሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የሕፃናት ሕክምና ክፍሉ ሲኒየር ሐኪም ናቸው።

«የዚችን የ11 ዓመት ልጅ ኢኤስአር የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ዶክተር።»

«ልጅቷን አይተሃታል?»

«አላየኋትም።»

«እስቲ ና፣ እያት።»

ደንግጬ ሄድኩ። ልጅቷ መተኛት ስላልቻለች በሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። የአንገቷ ደም ሥር ተገትሯል። እግሯ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ስትተነፍስ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እናቷ አጠገቧ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ትጠርግላታለች።

ሐኪሙ እናቲቱን ታሪኩን እንደገና እንድትነግራቸው ጠየቋት። እኔ እንድሰማ ነው። ከሁለት ወር በፊት ልጅቷን ጉሮሮዋን አሟት ነበር። ቶንሲል ነው ተባለ፣ በሎሚና በማር አለፈ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። ወድቃ ይሆናል ብለው ወጌሻ ጋ ወሰዷት፣ አሻት። በነጋታው ጉልበቷን ተዋትና ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ከዚያ ክርኗን። «ብርድ ነው አሉን። በራሱ ሲተዋት ተመስገን አልን» አለች እናቲቱ። ከዚያ በኋላ ዳገት መውጣት ከበዳት፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች መቀመጥ ጀመረች። ታሪኩ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መጥቶ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያስቆጣ በሽታ።

ሐኪሙ ማዳመጫቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። በግራ ጡቷ በኩል ልቧ በመታ ቁጥር «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ አለ። ሚትራል የሚባለው የልብ በር ሲገጥም አልዘጋ ብሎ፣ ደም ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሰማ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚህ ድምፅ አንብቤ እንጂ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ካርዷን ከፍተው አሳዩኝ። ጠዋት ያያት ወጣት ሐኪም ቁጥሬን ተመልክቶ ጽፏል። ኢኤስአር 9 ስለሆነ አሁን ብግነት የለም፤ የቆየ የቫልቭ (የልብ በር) ሕመም ነው፤ ውሃ በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ ተሰጥቷት እብጠቱ ሲቀንስ ትወጣለች። አልፈርድበትም። ወረቀቱ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እኔ ግን ሆዴ ባባ። 9 ብዬ የጻፍኳት አንዲት አኃዝ የዚችን ልጅ መድኃኒት ልታስቀር ነበር።

«ሥራህ ስህተት የለበትም» አሉኝ ሐኪሙ። «ልብ ሲደክም ግን ኢኤስአር ይወርዳል። ሲአርፒ ሥራልኝ።»

ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ኢኤስአርን የሚያፈጥነው ዋናው ነገር ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። እሱ ሲበዛ ቀይ ሕዋሳቱ እንደ ሳንቲም ተደራርበው ይከብዳሉ፣ ቶሎ ይሰምጣሉ። ፋይብሪኖጅንን የሚሠራው ጉበት ነው። ልብ ሲደክም ደም ጉበት ላይ ይጠራቀማል፣ ጉበቱም እንደሚገባው መሥራት ያቅተዋል። ከዚህ የተነሳ ብግነቱ እያለ ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል። የልጅቷን እግር እስካይ ድረስ ይህ ለእኔ የመጽሐፍ መስመር ነበር።

ወደ ላብራቶሪ ተመለስኩ። ሲአርፒም ብግነት ሲኖር ደም ውስጥ የሚበዛ ፕሮቲን ነው። መመርመሪያ ፈሳሹን፣ የሲአርፒ ላቴክስ ሪኤጀንቱን፣ ከፍሪጅ አወጣሁ። የእኛ ምርመራ በማሽን የሚነበብ አይደለም። ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ሴረም (ከደሙ ሕዋሳት የተለየው ፈሳሽ)፣ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት፣ ሁለት ደቂቃ እያወዛወዙ ማየት ነው። ወዲያው ተቋጠረ፤ ሲአርፒ በዝቷል ማለት ነው። ሴረሙን እያቀጠንኩ ደገምኩት። 1 ለ2 ተቋጠረ፣ 1 ለ4 ተቋጠረ፣ 1 ለ8ም ተቋጠረ። 1 ለ16 ላይ ቆመ። ሪኤጀንቱ የሚይዘው ዝቅተኛው መጠን በሊትር 6 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ስድስት ጊዜ ስምንት 48 ነው። በዴሲ ሊትር 4.8 ማለት ነው።

እዚህ ላይ አሃዱን ማስተዋል ግድ ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው፣ ሩማቲክ ትኩሳት የሚለይበት የጆንስ መስፈርት በሽታው እንደ እኛ አገር በሚበዛበት ቦታ ኢኤስአር 30 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ሲአርፒ በዴሲ ሊትር 3 ሚሊ ግራም እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ አንድ ንዑስ ምልክት ይቆጥረዋል። በሊትር ሲጻፍ ግን ያው ቁጥር 30 ነው። አንዱ በሊትር ጽፎ ሌላው በዴሲ ሊትር ካነበበ የታመመው ጤነኛ፣ ጤነኛው የታመመ ይሆናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሃዱን ሳልጽፍ የሰጠሁት ሲአርፒ የለም።

ስለ ኤኤስኦም አንድ ነገር ልበል፤ የሚያናድደኝ ነገር ነውና። የልጅቷ ኤኤስኦ ፖዘቲቭ ነበር። ይህ የሚናገረው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ሰውነቷን ጎብኝቶ እንደነበር ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ሄደን የጤነኛ ልጆችን ደም ብንወስድ ብዙዎቹ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ሆኖም ኤኤስኦ ፖዘቲቭ ስለወጣ ብቻ «የልብ በሽታ አለብሽ» ተብለው ዓመት ሙሉ በየወሩ ፔኒሲሊን የተወጉ ሰዎች አጋጥመውኛል። የሚያስፈልጋት ልጅ ወጌሻ ጋ እየታሸች፣ የማያስፈልጋት ትወጋለች።

ማክሰኞ ብግነት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ተጀመረላት። ላሲክሱም ቀጠለ። ዓርብ ዕለት እግሯ ሟሽሾ ነበር። በአንድ ትራስ ተኛች። ሽሮ በላች ብላ እናቷ ለሲስተሯ ስትናገር ሰማሁ። ያን ቀን የሠራሁት ኢኤስአር 64 ሆነ። ሲአርፒው ደግሞ ወደ 1 ለ4 ወርዷል። ሁለቱ ቁጥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ሲአርፒ ብግነቱ ሲበርድ በቀናት ውስጥ ቶሎ ይወርዳል። ኢኤስአር ግን ገና ከጉበቱ ጋር እየነቃ ነው።

እናቲቱ ወረቀቱን ይዛ ላብራቶሪ መስኮት ላይ መጣች። ፊቷ ተለውጧል።

«ወንድሜ፣ 9 የነበረው 64 ሆነ ይላል። ልጄን ባሰባት?»

ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፋይብሪኖጅን ብዬ ልነግራት አልችልም። «እናቴ፣ እሳቱ ከመጀመሪያውም ነበረ። ልቧ ደክሞ ስለነበር ጭሱ ታፍኖ ነው ያላየነው። አሁን ልቧ ትንሽ ሲበረታ ጭሱ ወጣ። እሳቱ ደግሞ በመድኃኒቱ እየበረደ ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «ክዳኑ ሲነሳ ነው በለኛ ጭሱ የታየው» አለችኝ።

እኔ ካልኩት የተሻለ ነው።

በሳምንቶቹ ውስጥ ኢኤስአሩ ቀስ እያለ ወረደ። ስትወጣ 24 ነበር። ኤኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ አዲስ አበባ ተነሥታ መጣች። የሚትራሉ በር ወፍሯል፣ አሁንም ያፈሳል። እናቲቱ ያኔ የጠየቀችኝን ጥያቄ ከብዙ እናቶች ሰምቼዋለሁ። «ደሟ ከጠራ መርፌው ምን ያደርጋል?» በየአራት ሳምንቱ የምትወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ያማል። ለዚያውም መንገዱ ሩቅ ነው።

እኔ የምሠራው ወረቀት በሩን አያይም። ኢኤስአር እና ሲአርፒ ዛሬ ደሙ ውስጥ ያለውን መቆጣት ይናገራሉ። በሩ ላይ የቀረውን ጠባሳ የሚያየው ኤኮ ነው። ሁለቱም ቁጥር ጤነኛ ሆኖ በሩ ሊጠብ ወይም ሊያፈስ ይችላል። መርፌው ደግሞ ሌላ ቶንሲል መጥቶ እሳቱን እንዳይለኩሰው ነው፤ በሩ በእያንዳንዱ ቃጠሎ ይጎዳልና። የልብ በሩ የተጎዳ ሰው ከመጨረሻው የሩማቲክ ትኩሳት በኋላ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ወይም 40 ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ይወጋል። ይህን ስነግራት እናቲቱ በጣቷ ቆጠረች። «29 ዓመት» አለች። ከዚያ ዝም አለች። በ2015 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ኅብረት ጥሪ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ባወጡት መግለጫ ይህ መርፌ ሳይቋረጥ እንዲገኝ ጠይቀው ነበር። መግለጫው በወጣበት በዚያው ዓመት ፋርማሲያችን «የለም» ብሎ ሰው ሲመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ መስመሩ ባዶ የሆነ ወረቀት ሲመጣልኝ ስልክ አነሳለሁ። እግሩ አብጧል? አስፕሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን ጀምሯል? የደም ማነስ አለው? የደም ማነስ ኢኤስአርን ያለ ብግነት ይጨምረዋል። ትንሽ ያዘመመ ቱቦም እንዲሁ። ስታንዱን በየጠዋቱ በውሃ ልክ አያለሁ። ሲስተሮቹ መጀመሪያ ይሰለቹኝ ነበር። አሁን ግን ራሳቸው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «እብጠት አለ» ብለው ይጽፉልኛል።

ልጅቷ ከዓመት በኋላ ለቀጠሮዋ መጣች። ቁመት ጨምራለች። የመርፌ ካርዷ በፌስታል ተጠቅልሎ እናቷ እጅ ላይ ነው። አንድም ቀን አልተዘለለበትም። ደሟን ራሴ ቀዳሁ። 60 ደቂቃው ሲሞላ 12 ሆነ። ሲአርፒው ኔጌቲቭ ነው። ወረቀቱን ልሰጣት ስል እናቲቱ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ይሄ 12 እንደ ያኔው 9 እንዳይሆን?»

ወጣሁ። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ የእግሯን አጥንት በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አልተሰረጎደም። የአንገቷን ደም ሥር አየሁ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣች ጠየቅኋት፤ «ሳላርፍ» አለች።

«አይደለም እናቴ» አልኩ። «ቀጣዩ መርፌዋ መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አለች ካርዱን ሳትገልጥ።