ፎርሙ ይከፈት ብዬ ብጸልይ ቀኑ ተገፋልኝ

ለዚህ ቀን ያደረሰኝ የእግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን የምጽፈው እናቴ "የተደረገልሽን ደብቀሽ አትያዢ" እያለች ስለጨቀጨቀችኝ ነው።

አሜሪካ የገባሁት ከአባቴ ጋር በዲቪ ነው። እናቴ አያቴን ለማስታመም አዲስ አበባ ቀረች፤ በዚያው ቪዛዋ ቀኑ አለፈበት። አባቴ እንደገና ፕሮሰስ ጀምሮላታል። እኛ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ጥልፍ ትጠልፋለች። ኮሌጅ የሚታሰበው እንግዲህ በዚህ ገቢ ነው።

12ኛ ክፍል ስደርስ የትምህርት ቤታችን ካውንስለር "ከሁሉም በፊት ፋፍሳ" አለችኝ። ለማታውቁት፣ ፋፍሳ የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ነው። እሱ ካልተሞላ ፔል ግራንት የሚባለው፣ የማይመለሰው የመንግሥት ገንዘብ የለም። ብዙ ኮሌጆችም ከራሳቸው የሚሰጡትን የሚያሰሉት እሱን አይተው ነው። ስኮላርሺፕ ሲባል ድርሰት ጽፎ መሸለም ብቻ የሚመስለው ብዙ ልጅ አለ። እኔም ድርሰቱን ጽፌያለሁ፤ ትልቁ ገንዘብ ግን ያለው ኮሌጁ ራሱ ጋ ነው። ደግሞ "ሲቲዝን ካልሆንሽ አይሆንም" የሚሏችሁን አትስሙ። ግሪን ካርድ ያለው ይሞላል።

ፎርሙ ከዚያ በፊት ኦክቶበር 1 ይከፈት ነበር። በእኔ ዓመት ግን እንደ አዲስ ስለተሠራ የተከፈተው በ2023 ዲሴምበር መጨረሻ ነው። አባቴና እናቴ ታክስ አብረው ስለማያስገቡ እሷም በራሷ አካውንት ገብታ መሙላትና መፈረም ነበረባት። እናቴ ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለትም ለአሜሪካ ነዋሪ የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ የላትም። ያን ሰሞን ሶሻል የሌለው ወላጅ ፎርሙን መጨረስ አልቻለም። የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በመላው አሜሪካ እንደኛ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ተዘግቶበት ነበር።

እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ሲሆን እሷ ጋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ስልኳን ይዛ ትጠብቀኛለች። የማረጋገጫ ኮድ በኢሜይል ይመጣል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ኮዱ ጊዜው ያልፋል። እንደገና። ኮዱን አስገብተን ስናልፍ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ ይመልሰናል። "ልጄ፣ ይሄ ነገር እኔን አልወደደኝም መሰለኝ" ትለኛለች። እኔ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቅሳለሁ። እሷም እንደዚያው ታደርግ እንደነበር የነገረችኝ አሁን ነው።

አንድ ሌሊት ኮሌጅ የምንመርጥበት የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 መሆኑን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ሚያዝያ 23 ነዋ! የጊዮርጊስ ዕለት!" አለች። በማግስቱ አራዳ ጊዮርጊስ ሄዳ ጃንጥላ ተሳለች። እኔ በበኩሌ ጸሎቴ አንድ ነበር፦ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ፎርም ብቻ ክፈትልኝ።" ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር።

ጃንዋሪ አለፈ። ፌብሯሪ አለፈ። ጓደኞቼ ጨረሱ፣ እኔ እዚያው ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2፣ በፈረንጆቹ ማርች 11 ነው። በዚያው ሰሞን ሶሻል የሌላቸው ወላጆች መግባት ይችላሉ ተባለ። እናቴ ገባች። የጥልፍ ገቢዋን ወደ ዶላር መንዝረን ጻፍን። ፈረመች። እልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ሠርግ መስሎት ነበር።

ግን ዘግይተናል። የፎርሙ መረጃ ወደ ኮሌጆች መድረስ የጀመረው ገና ማርች አጋማሽ ላይ ስለነበር ሁሉም ጋ ወረፋ ነው። ያለ ዕርዳታ ደብዳቤ "እሺ፣ እመጣለሁ" ብዬ ልፈርም አልችልም። ኤፕሪል ላይ ኢሜይል መጣ። ፋፍሳ በሁሉም ላይ ስለዘገየ የተቀበለኝ ኮሌጅ የመወሰኛውን ቀን ወደ ጁን 1 ገፍቶታል። እንደዚያ ያደረጉ ኮሌጆች ብዙ ነበሩ። እኔ ፎርሙን ስለምን የከረምኩ፣ ቀኑ ይገፋል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ሚያዝያ 23 ሕማማት ላይ ዋለ። ስግደት ላይ ሆኜ "ዛሬ ነበር እኮ" እላለሁ በልቤ። የትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ፣ ደብዳቤው ገባ። ፔል ሙሉውን፣ 7,395 ዶላር። ከቀረው አብዛኛውን ኮሌጁ በግራንት ሸፈነው። አባቴ መኪናውን ዳር አቁሞ ደጋግሞ አስነበበኝ። "ብድር አይደለም? እርግጠኛ ነሽ?"

ይህን ለአንድ ዲያቆን ስነግረው ሳቀ። "ለአንቺ ብሎ አሜሪካን ሙሉ አላዘገየም እኮ" አለኝ። ልክ ነው። በዚያ መዘግየት የተጎዳ፣ ተስፋ ቆርጦ የተወውም ልጅ አለ፤ አውቃለሁ። ለምን እኔ እንደደረሰልኝና ለሌላው እንዳልደረሰለት መልስ የለኝም። የተደረገልኝን ግን አልክድም።

ከቤተክርስቲያን ማኅበራችን ያገኘኋት ትንሽ ስኮላርሺፕ ለመጽሐፍ ሆነች። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ከኮሌጁ ውጭ ያገኛችሁትን ስኮላርሺፕ ስታመጡ የራሳቸውን ዕርዳታ የሚቀንሱ ኮሌጆች አሉ። ቼኩ ሳይመጣ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ።

እናቴ ስለቷን በዓመቱ አስገባች። ጃንጥላውን አልገዛችም፤ ጨርቁን ገዝታ ራሷ ጠለፈችው። አሁን የቀረን የእሷ ቪዛ ነው። ኢንተርቪዋ ገና አልተቆረጠም። በጸሎታችሁ አስቡልኝ።